የቪሩዱናጋር አውራጃ አነስተኛ ኢንዱስትሪዎችና የሕፃናት ትምህርት ታሪክ

መግቢያ

የአንድ አውራጃ የኢኮኖሚ ሀብት ሲጠና ብዙውን ጊዜ የአጥኚው ዓይን የሚያርፈው በመሬቱ፣ በውሃው፣ በማዕድኑና በፋብሪካዎቹ ላይ ነው። በዚያው አውራጃ የሚኖረው ሕፃን ጎሕ ሲቀድ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይስ ወደ ሥራ ቦታ የሚለው ጥያቄ ግን ለመምህራን ብቻ ተትቶ ከኢኮኖሚ ዕቅዱ ውጭ ይቀራል። በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የቪሩዱናጋር አውራጃ ታሪክ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ለያይቶ ማየት ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ይህ አውራጃ ለመላው ሕንድ ክብሪትና ርችት ሲያቀርብ የኖረ ነው። የትምህርት ቤት ምሳ በሰፊው እንዲጀመር ያደረጉት መሪ የተወለዱትም በዚሁ አውራጃ ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ምሳሌ ሆኖ ስሙ ሲነሣ የቆየው ይኸው አውራጃ ነበር። ይህ ተቃርኖ እንዴት ሊፈጠር እንደቻለና በምን መንገድ እየተቃለለ እንደመጣ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምድሩና የተፈጥሮ ሀብቱ

ቪሩዱናጋር ራሱን የቻለ አውራጃ የሆነው በ1985 ዓ.ም. የቀድሞው የራማናታፑራም አውራጃ ለሦስት በተከፈለ ጊዜ ነው። ስፋቱ ከ4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ መሠረት የሕዝቡ ብዛት 1.94 ሚሊዮን ያህል ነበር። በምዕራብ በኩል የምዕራብ ጋት ተራሮች ያዋስኑታል፤ በተራሮቹ ግርጌ ያሉት የራጃፓላያምና የስሪቪሊፑቱር አካባቢዎች ከቀረው ምድር ይልቅ ለምለም ናቸው። ወደ ምሥራቅ ያለው ሰፊ ሜዳ ግን ደረቅ ነው። የምዕራቡን ሞንሱን ዝናብ ተራሮቹ ስለሚያስቀሩት፣ ገበሬው ተስፋ የሚጥለው በዓመቱ መጨረሻ በሚመጣው የሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን ላይ ነው። ይህ ዝናብ ከቀረ ወይም ከዘገየ ዓመቱ የችግር ዓመት ይሆናል።

የሜዳው አፈር ጥቁር መረሬ በመሆኑ ለጥጥ የተስማማ ነው። በጥጡ ላይ ተመሥርተው በራጃፓላያም የፈትል ፋብሪካዎች ተቋቁመዋል፤ በአሩፑኮታይ የሽመና ሥራ ተስፋፍቷል፤ በቻትራፓቲም ለቁስል ማሰሪያ የሚያገለግል ስስ ጨርቅ ይሠራል። በቪሩዱናጋር ከተማ አጠገብ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ የሲሚንቶ ፋብሪካ እንዲተከል አስችሏል። ከተማዋ ራሷ ደግሞ የጥጥ፣ የበርበሬ፣ የጥራጥሬና የምግብ ዘይት ገበያ በመሆን ታዋቂ ናት።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የአውራጃውን ስም ያስጠሩት ግን የሲቫካሲና የሳቱር ከተሞች የክብሪት፣ የርችትና የኅትመት ኢንዱስትሪዎች ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ለእነዚህ ኢንዱስትሪዎች የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ በአካባቢው አለመገኘቱ ነው። ለስላሳው የክብሪት እንጨት የሚመጣው ከተራሮቹ ማዶ ከኬራላ ደኖች ነበር፤ ኬሚካሉም ከሩቅ ይገዛል። አውራጃው የነበረው ሀብት ክብሪትና ርችት የሚያደርቅ ረጅም የፀሐይ ወራት፣ ከነጋዴዎች የተጠራቀመ ካፒታልና ከእርሻ ሥራ የተፈታ ብዙ ጉልበት ነበር። እርሻን የጎዳው የዝናብ እጥረት ለክብሪት ሥራ ምቹ ሁኔታ ሆነ ማለት ይቻላል።

የነጋዴዎቹ ማኅበርና የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች

የካፒታሉን ምንጭ ለመረዳት የናዳር ማኅበረሰብን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። ናዳሮች አብዛኞቹ ዘንባባ ላይ እየወጡ ጭማቂውን በመቅዳትና ስኳር በማዘጋጀት የሚተዳደሩ፣ በሕንድ የዘር መደብ ሥርዓትም ዝቅ ተደርገው ይታዩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ሰሜን ዘልቀው በደረቁ ሜዳ ከተሞች በንግድ ተሰማሩ። ነጋዴዎቹ ከሚሸጡት ሸቀጥ ላይ ጥቂት መዋጮ እየቀነሱ «ማሂማይ» የተባለ የጋራ ገንዘብ አቋቋሙ። በዚህም ገንዘብ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ቤተ መቅደስ ሠሩ፤ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወደ ነባር ቤተ መቅደሶች የመግባት መብት በመጠየቃቸው የተነሣው ጠብ በ1899 ዓ.ም. በሲቫካሲ ወደ ከባድ ሁከት ቢያመራም ጥረታቸውን አላቆመውም።

በ1880ዎቹ በቪሩዱናጋር የተመሠረተው የክሻትሪያ ቪድያሳላ ትምህርት ቤት የዚህ ጥረት ዋነኛ ፍሬ ነው። ለትምህርት ቤቱ ማስኬጃ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከሚበስለው ሩዝ አንድ እፍኝ እየለየ ያዋጣ ነበር። ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ማኅበረሰብ ከምግቡ እየቀነሰ ልጆቹን ማስተማሩ በትምህርት ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ነው።

ክብሪት፣ ርችትና ኅትመት

በ1922 ዓ.ም. ፒ. አያ ናዳርና ኤ. ሻንሙጋ ናዳር የተባሉ ሁለት የሲቫካሲ ወጣት ዘመዳሞች የክብሪት አሠራር ለመማር ወደ ካልካታ ተጓዙ። ሙያውን ቀስመው እንደተመለሱ በ1923 ዓ.ም. ሥራውን በከተማቸው ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ውድ በሆነ መኪና ከመሥራት ይልቅ በእጅ መሥራት እንደሚያዋጣ ተገነዘቡ። በዚያው ዘመን ዘመናዊ መኪና የተከለው የስዊድን ኩባንያ በሕንድ ገበያ ተወዳዳሪያቸው ነበር። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. በክብሪት ላይ የኤክሳይስ ቀረጥ ጣለ። በኋላም በእጅ ለሚሠሩት አነስተኛ ድርጅቶች ቀረጡ ዝቅ እንዲል መደረጉ የሲቫካሲን አምራቾች ከትልቁ ተወዳዳሪ ጠበቃቸው። ነገር ግን ይኸው ጥበቃ አምራቹ ሥራውን ከማዘመን ይልቅ በብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ከፋፍሎ በእጅ ጉልበት እንዲቀጥል አበረታታው።

ከክብሪቱ ሌሎች ሥራዎች ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከውጭ ይገባ የነበረው ርችት ሲቋረጥ፣ ከኬሚካል ጋር የተለማመዱት የሲቫካሲ ሰዎች ርችት መሥራት ጀመሩ። ዛሬ በሕንድ ከሚመረተው ርችት እጅግ የሚበዛው ከዚሁ አካባቢ የሚወጣ ነው። በክብሪት ቀፎ ላይ የሚለጠፈው ባለ ቀለም ሥዕል ደግሞ የማተሚያ ቤቶችን አስከተለ፤ እነዚህም ወደ ቀን መቁጠሪያ፣ ወደ ደብተርና ወደ መጽሐፍ ኅትመት ተሸጋገሩ። ስለዚህ ትጋቷ ከተማዋ «ትንሿ ጃፓን» የሚል ቅጽል አተረፈች።

የሥራው አካሄድና የሕፃናቱ ድርሻ

የእጅ ክብሪት ሥራ በብዙ ጥቃቅን ደረጃዎች የተከፋፈለ ነው። በመጀመሪያ ስንጥሮቹ አንድ በአንድ በፍሬም ላይ ይደረደራሉ። ቀጥሎ ጫፋቸው ፖታሲየም ክሎሬት፣ ድኝና ሙጫ በተቀላቀለበት ውሕድ ውስጥ ይነከራል። ከደረቁ በኋላ በቀፎ ይሞላሉ፤ የቀፎው ጎን ቀይ ፎስፈረስ ያለበት ቅባት ይቀባል፤ በመጨረሻም ምልክቱ ተለጥፎ ይታሸጋል። ለመደርደርና ለመሙላት ሥራ ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በተሠራው ብዛት ልክ ነበር። ሕፃናት በብዛት የተሰማሩት በእነዚህ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነበር፤ ከመካከላቸውም የሚበዙት ሴቶች ልጆች ነበሩ።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንደገለጹት የፋብሪካ አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞሩ ልጆቹን ይጭኑ ነበር፤ የሚመልሷቸውም ከመሸ በኋላ ነው። ለወላጅ በቅድሚያ የተሰጠ ብድር ልጁን ከሥራው ጋር ያስር ነበር። ለዚህ አሠራር ይሰጥ የነበረው ምክንያት የልጅ ጣት ቀልጣፋ ነው የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ያንኑ ሥራ አዋቂዎችም ይሠሩት ስለነበር ምክንያቱ የሚያሳምን አይደለም። እውነተኛው ምክንያት የልጅ ጉልበት መርከሱና ልጅ ስለ መብቱ የማይከራከር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ለፕላን ባለሙያዎች ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ አንድ የቁጥር ጉዳይ አለ። ለሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀረበው የመንግሥት መልስ መሠረት፣ በ1985 ዓ.ም. መጨረሻ በአካባቢው 221 የተመዘገቡ የክብሪት ፋብሪካዎች 27,338 ሠራተኞች ሲኖሯቸው፣ ከእነዚህ ሕፃናቱ 2,941 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዘመን ከመንግሥት ውጭ ያሉ አጥኚዎች የገመቱት ግን በዐሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ነበር። ልዩነቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም፤ ባልተመዘገበ ትንሽ ድርጅት ወይም በእናቱ ደጃፍ ተቀምጦ ቀፎ የሚያጥፍ ልጅ በፋብሪካ መዝገብ አይገኝም። እንዲህ ያለው ልጅ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሮ ቢገኝ እንኳ በክፍል ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

የትምህርት ቤት ምሳ

ከ1954 እስከ 1963 ዓ.ም. የማድራስ ክፍለ ግዛት ዋና ሚኒስትር የነበሩት ኬ. ካማራጅ በ1903 ዓ.ም. በቪሩዱናጋር ተወለዱ። በእፍኝ ሩዝ መዋጮ በቆመው ትምህርት ቤት ተምረዋል። ነገር ግን አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው በአጎታቸው የጨርቅ ሱቅ ለመሥራት ተገደዱ። ሥልጣን እንደያዙ ተዘግተው የነበሩ የገጠር ትምህርት ቤቶችን አስከፈቱ፤ አዳዲሶችንም አሠሩ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የተራበ ልጅ ሊማር አይችልም በሚል እምነት ለድኻ ተማሪዎች የምሳ አገልግሎት አስጀመሩ። በ1982 ዓ.ም. ዋና ሚኒስትሩ ኤም. ጂ. ራማቻንድራን ይህን አገልግሎት በእጅጉ አስፋፉት። ከዚያም ወዲህ አሠራሩ ለመላው ሕንድ አርአያ ሆነ።

ይሁን እንጂ በካማራጅ የትውልድ አውራጃ እንኳ ምሳው ብቻውን ልጆቹን ከክብሪት ቤት ሊያወጣቸው አልቻለም። ምሳ የአንድ ልጅን ረኃብ ያስታግሳል፤ ልጁ ለቤተሰቡ ያመጣው የነበረውን ገንዘብ ግን አይተካም። ዝናብ በቀረበት ዓመት አባት ያለ ሥራ ሲቀመጥ፣ ያቺ ጥቂት ገንዘብ የቤተሰቡ ዋና መተዳደሪያ ትሆን ነበር።

ሕግና አፈጻጸሙ

ሕፃናትን በክብሪትና በርችት ሥራ ማሠማራት በ1938 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የተገደበ ነበር። ሕጉ በወረቀት ላይ ስለ ቀረ በ1986 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ወጣ፤ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በእነዚህ ሥራዎች እንዳይሰማሩም ከለከለ። ነገር ግን ባለቤቱ በቤተሰቡ ርዳታ የሚያካሂደውን ሥራ ከክልከላው ስላስቀረ፣ የሥራው አንድ ክፍል ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት እንዲሸሽ በር ከፈተ። ቀዳዳው የጠበበው ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ማሠራት በሁሉም መስክ በተከለከለበት በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ነው፤ ያውም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቤተሰብን መርዳትን ሳይጨምር።

በ1988 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የሕፃናት ሠራተኞች ፕሮጀክት ከመረጣቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ሲቫካሲ ነበር። ከሥራ ለተነሡ ልጆች ምግብና መጠነኛ የገንዘብ ድጎማ የሚሰጡ ልዩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከዚህም ሌላ ጠበቃው ኤም. ሲ. ሜህታ ስለ ሲቫካሲ ሕፃናት ባቀረቡት አቤቱታ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ታላቅ ውሳኔ ሰጠ። በውሳኔው መሠረት ሕግ የጣሰ አሠሪ ለእያንዳንዱ ልጅ 20,000 ሩፒ እንዲከፍልና ገንዘቡ ለልጁ ጥቅም እንዲውል ተደረገ። በልጁ ፈንታ ከቤተሰቡ ለአንድ አዋቂ ሥራ እንዲፈለግለት፣ ይህ ካልተቻለ መንግሥት 5,000 ሩፒ እንዲጨምርም ታዘዘ። ውሳኔው ታላቅ የተባለው ቅጣትን፣ የአዋቂን ሥራና የልጅን ትምህርት በአንድነት ስላያያዘ ነው። የ2009 ዓ.ም. የትምህርት መብት ሕግም ከ6 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ነጻና ግዴታ ትምህርትን ደነገገ።

በእነዚህ እርምጃዎች፣ በሥራው መካናይዝ መሆንና በወላጆች አመለካከት መለወጥ ምክንያት በፋብሪካዎች የሚታየው የሕፃናት ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። በ2011 ዓ.ም. ቆጠራ የአውራጃው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሕዝብ ከመቶ 80 ደርሶ ነበር።

ያልተፈቱ ችግሮች

የአዋቂዎቹ ኑሮ ግን ገና አስተማማኝ አይደለም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በአንድ የርችት ፋብሪካ በደረሰ ፍንዳታ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ተመሳሳይ አደጋዎች ደርሰዋል። በ2018 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአየር ብክለትን ለመቀነስ በርችት አሠራርና አጠቃቀም ላይ ጥብቅ ገደብ መጣሉ ብዙ ሠራተኞችን ለሥራ ፈትነት ዳረገ። ክብሪቱንም ርካሽ የፕላስቲክ መለኮሻ ተፎካክሮታል፤ በ2023 ዓ.ም. መንግሥት ዋጋው ከ20 ሩፒ በታች የሆነ መለኮሻ ከውጭ እንዳይገባ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። የወላጅ ገቢ በተናጋ ቁጥር የልጅ የትምህርት ዕድልም አብሮ እንደሚናጋ ያለፈው ታሪክ ያስጠነቅቃል።

ማጠቃለያ

ከቪሩዱናጋር ታሪክ የሚገኙት ዋና ዋና ትምህርቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ለአነስተኛ ኢንዱስትሪ የሚሰጥ ማበረታቻ የአሠራር መሻሻልን ካላስከተለ የርካሽ ጉልበት መጠበቂያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቀረጥ ፖሊሲ በሚነደፍበት ጠረጴዛ ላይ የትምህርት ባለሙያም ሊቀመጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ምሳ፣ ሕግና ትምህርት ቤት እያንዳንዳቸው አስፈላጊ ቢሆኑም፣ ውጤት የሚሰጡት ከወላጅ በቂ ገቢ ጋር ሲቀናጁ ነው። ሦስተኛ፣ በመዝገብ ያልሰፈረውን ልጅ ከማንም በፊት የሚያውቀው የመንደሩ መምህር ነው። በክፍሉ ውስጥ ባዶ የሆነውን መቀመጫ ተመልክቶ ልጁ የት እንደዋለ የሚጠይቅ መምህር፣ ምንም ዓይነት የፋብሪካ መዝገብ የማይሰጠውን መረጃ ለዕቅድ አውጪው ያቀርባል።

ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የቪሩዱናጋር እናቶች ከድስታቸው አንድ እፍኝ ሩዝ እየቀነሱ ትምህርት ቤት አቁመዋል። ችግረኛ ሕዝብ ለልጁ ትምህርት ግድ የለውም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።