የደምቢያ ጎተራና የማዕከላዊ መንግሥት ውጥን

ከጎንደር በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከቆላ ድባ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ በለምነቱ የታወቀ ነው። ይህ ለምነት ግን ለገባሩ መዘዝም ነበር፤ በጎንደር ሥልጣን የያዘ ሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በደምቢያ እህል ላይ ነበርና።

በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ወዲህ በነገሠው ዘመነ መሳፍንት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የስም ባለዙፋን ሆኖ ቀረ። ውሳኔው በየጦር ሰፈሩ፣ ግብሩም በየመስፍኑ ጎተራ ተበታተነ። ደምቢያም በራስ አሊ እናት በእቴጌ መነን እጅ ነበረች። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1839 ዓ.ም. እቴጌይቱን ማርኮ ከጣና በስተ ሰሜንና ምዕራብ ያለውን ግዛት ጨበጠ። በ1845 ዓ.ም. ራስ አሊን በአይሻል፣ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርጎ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

የዐፄ ቴዎድሮስ ውጥን የተበታተነውን ሥልጣን በአንድ ማዕከል ማሰባሰብ ነበር። ወታደሩ በገባሩ ቤት ተሠሪ መሆኑ ቀርቶ በደመወዝ እንዲተዳደር አሰቡ። ለዚህም ገንዘብ ሲፈልጉ፣ ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የተረፈው መሬት ለሚገብር አራሽ ይሰጥ አሉ። ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ውሎ አድሮም ከንጉሡ ራቁ።

የውጥኑ ዋና ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ትእዛዙ ከአንድ ማዕከል ይፈልቅ ነበር፤ ትእዛዙን የሚያስፈጽም ቋሚ ግምጃ ቤት፣ መንገድና ደመወዝተኛ ሹም ግን አልተደራጀም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዐመፅ መልሱ ዘመቻ ሆነ፤ ዘመቻው የገባሩን እህል በላ፤ እህሉን የተነጠቀው ገባር ደግሞ ለዐማፅያን አደረ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ በንጉሡ ጦር ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲጎተት፣ የንጉሡ ሥልጣን ከሠራዊቱ ሰፈር ብዙም አይርቅም ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ የየአገሩን ገዢዎች በየግዛታቸው አጽንተው በበላይነት መግዛትን መረጡ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክና የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ። የአንድነት ሐሳብ ከመቅደላ ተሻግሮ ኖረ። ይሁን እንጂ የደምቢያ ታሪክ የሚያስተምረው ግልጽ ነው፦ ማዕከሉ የሚጸናው ውሳኔን በመጠቅለሉ ብቻ ሳይሆን፣ ወጪውን የሚሸከመው አራሽ ከውሳኔው የሚያገኘው ጥቅም ሲኖር ነው።