በአጥንት የተጻፈ ሕግ

ሕግ ከጉዳት ቀድሞ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። ሠራተኛን ከጨረራ የሚጠብቀው ደንብም ታሪኩ ከዚህ አይለይም። ከደንቡ ገጾች አንዱን ያጻፉት በአሜሪካ የሰዓት ቁጥር ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ያገኙት በ1898 ነበር። ካንሰርን ለማከም ማገልገሉ ሲታወቅ ዝናው ገነነ፤ ውሎ አድሮም «ለጤና የሚስማማ ውሃ» እየተባለ በጠርሙስ እስከ መሸጥ ደረሰ። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1917፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በኦሬንጅ ከተማ አንድ ፋብሪካ ራዲየም በተቀላቀለበት፣ በጨለማ በሚያበራ ቀለም የሰዓት ቁጥር ማስቀባት ጀመረ። ቀቢዎቹ አብዛኞቹ ልጃገረዶች ሲሆኑ፣ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ እንዲሠሩ ተነገራቸው። ይጎዳን ይሆን ብለው የጠየቁትም ምንም እንደማይላቸው ተነገራቸው። የዚያው ፋብሪካ ኬሚስቶች ግን ራዲየሙን የሚነኩት በመቆንጠጫ ነበር።

ራዲየም በጠባዩ ካልሲየምን ይመስላል። ስለዚህ አካል የአጥንት መገንቢያ አድርጎ ይወስደውና አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። እዚያም ሆኖ ያለማቋረጥ ጨረራ ይረጫል፤ ግማሹ እንኳ እስኪያልቅ 1,600 ዓመት ይፈጃል። ሞሊ ማጂያ የተባለችው ሠራተኛ መጀመሪያ ያመማት ጥርሷን ነበር። ጥርሱ ቢነቀልም ቁስሉ አልድን አለ፤ ኋላም መንጋጋዋ ተፈረፈረ። በ1922 ስትሞት የሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የሰፈረው በሽታ ቂጥኝ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ አስከሬኗ ወጥቶ ሲመረመር ግን የቂጥኝ ምልክት አልተገኘም፤ አጥንቷ ጨረራ ይረጭ ነበር።

መንግሥት የት ነበር? በ1924 ኩባንያው ራሱ የጠራቸው የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥፋቱ የቀለሙ መሆኑን ጽፈው አስረከቡ። ኩባንያው ግን ሪፖርቱን ደበቀ። ለግዛቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የደረሰው፣ ልጃገረዶቹ ፍጹም ጤነኞች ናቸው የሚል የተጣመመ ቃል ነበር። እውነቱን በሐኪም መረጃ አስደግፎ በ1925 ያወጣው የኩባንያው ተቀጣሪ ያልሆነው የወረዳው አስከሬን መርማሪ ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ ነው።

በ1927 ግሬስ ፍራየርና አራት ጓደኞቿ ክስ መሠረቱ። ኩባንያው የመለሰው ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል በማለት ነበር። የግዛቱ ሕግ ለከሳሽ የሚሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ራዲየም ግን አጥንት ውስጥ አድፍጦ ሕመሙን የሚያሳየው ከዓመታት በኋላ ነው። ሴቶቹ በ1928 በእርቅ እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር፣ በየዓመቱ 600 ዶላርና የሕክምና ወጪ እንዲከፈላቸው ተስማሙ። በኢሊኖይ ግዛት ደግሞ የሌላ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረችው ካትሪን ዶናሂው ከአልጋዋ ላይ ሆና የምስክርነት ቃሏን ሰጠች። በ1938 ተፈረደላት፤ በዚያው ዓመትም ሞተች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቀጣጠል የሚያበራ ሰዓት ዳግመኛ ተፈለገ። በዚህን ጊዜ ግን መለኪያ ተዘጋጀ። የፊዚክስ ሊቁ ሮብሊ ኢቫንስ በአካላቸው ራዲየም የተገኘባቸውን 27 ሰዎች ውጤት ለአንድ ኮሚቴ አቀረበ። በብዙዎቹ ላይ ጉዳት ታይቷል፤ አነስተኛ መጠን በተገኘባቸው ላይ ግን አልታየም። ኢቫንስም በሰው አካል ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን 0.1 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አሥር ሚሊዮንኛ ይሁን አለ። ከዚያም የኮሚቴውን አባላት በየተራ፣ ይህ መጠን በገዛ ሚስትህ ወይም በልጅህ አካል ውስጥ ቢኖር ትቀበለዋለህ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሁሉም አዎን አሉ። ደንቡ በ1941 ወጣ። በ1944 አቶሚክ ቦምብ ለመሥራት ይደክሙ የነበሩት ሳይንቲስቶች ፕሉቶኒየም ሠራተኞቻቸውን እንዳይፈጅ ሲሰጉ ያስታወሱት እነዚህኑ ሴቶች ነበር፤ የፕሉቶኒየም ወሰንም ከራዲየሙ ተቀዳ።

በአገራችን በ1993 በአዋጅ ቁጥር 79 የብሔራዊ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ሲቋቋም ለብዙ ሰው ጨረራ ማለት ራጅ ነበር። የራጅ ባለሙያ ደረቱ ላይ የሚያደርጋት ትንሽ መለኪያ ለብዙ ታካሚ እንደ መታወቂያ ካርድ ልትታይ ትችላለች። እሷ የምትመዘግበው ቁጥር ከወሰን በላይ ሲሆን የሚጮህ ሰው እንዲኖር ነው። የኦሬንጅ ልጃገረዶችን የጎዳቸው የእውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም። በ1924 እውነቱ ተጽፎ አልቋል፤ ነገር ግን የተቀመጠው በባለ ፋብሪካው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በጨረራ ደንብ ውስጥ የቁጥሩን ያህል የሚያስፈልገው መለኪያውን አንብቦ ውጤቱን የሚናገረው ሰው ከባለ ፋብሪካው እጅ ነጻ መሆኑ ነው።