ጨረራ

በአርሲዋ ዲክሲስ ማለዳ የስንዴውን ማሳ የሚያሞቀው የፀሐይ ጨረር ነው። «ጨረራ» የዚሁ ቃል ዘመድ ቢሆንም ትርጉሙ ይሰፋል፤ በሞገድ ወይም በጥቃቅን ቅንጣት መልክ የሚጓዝ ኃይል ማለት ነው። ሕጋችንም ቃሉን ይጠቀምበታል፤ የጨረራ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 571/2000 ወጥቶ ነበር።

ጨረራ ሁሉ የሰው ሥራ አይደለም። ከአፈር፣ ከምግብና ከህዋ ይመጣል፤ እንደ ዲክሲስ ባለ ደጋ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ የህዋው ድርሻ ከቆላው ይበልጣል። የዚህ የተፈጥሮ ጨረራ የዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ሚሊሲቨርት ጨረራ በሰው አካል ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት መለኪያ ነው።

ልኬቱ የሰውን ቀዬ የሚወስንበት ጊዜ አለ።

አሜሪካ የኑክሌር ቦምብ የሞከረችባት የፓስፊክ ደሴት ቢኪኒ «ለኑሮ ደኅና ናት» ተብላ ነዋሪዎቿ መመለስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን እንደገና እንዲወጡ ተደረገ። ኮኮናቱ ከቦምቡ የቀረውን፣ ጨረራ የሚያመነጨውን ሲዝየም 137 ከአፈር ስቦ ነበርና፣ በልተውት ሰውነታቸው ገባ። የዚህ ንጥረ ነገር ግማሹ ለመክሰም 30 ዓመት ያህል ይፈጃል።

ተመራማሪዎች መላ ያገኙት የዲክሲስ ገበሬም ከሚያውቀው ከማዳበሪያ ነው። ፖታሲየም የጠገበ ተክል የሚስበው ሲዝየም በእጅጉ ይቀንሳል።

ለቢኪኒ ጎረቤት ለሮንጌላፕ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1992 የተስማሙበት የመመለሻ ወሰን ከተፈጥሮው በላይ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ስሌቱም ነዋሪው የደሴቲቱን ምግብ ብቻ እንደሚበላ ታስቦ የሚሠራ ነው።