የጉንደትና የጉራዕ የሞት ማስረጃ

ገላን ኮንዶሚኒየም መብራት በጠፋበት አንድ ማታ፣ ልጄ በስልክ ብርሃን የታሪክ ደብተሩን እያነበበ «እማዬ፣ ሞንጎሎችን ከጃፓን ያባረራቸው ነፋስ ነው አይደል?» አለኝ። «ነው» ልል ስል መምህራችን ትዝ አሉኝ። የሞት ማስረጃ ላይ «ልቡ ቆመ» ብለን ስንጽፍ፣ «ልብማ የሁሉም ሰው ይቆማል፤ ምን አቆመው?» ብለው ወረቀቱን ይመልሱልን ነበር። የባቻችን ሰዎች አትረሷቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1281 ማዕበሉ መጥቷል፤ እውነት ነው። ግን ጃፓኖች ቀድመው በሃካታ ባሕር ዳርቻ የድንጋይ ግንብ ሠርተዋል፣ ከደቡብ ቻይና የሚጠበቀው መርከብም ዘግይቷል። ነፋሱ የደረሰው ሠራዊቱ ባሕር ላይ ሲጉላላ ከርሞ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ማዕበል እንኳ አልነበረም። የግብፁ ኬዲቭ እስማኤል በ1868 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ጦር ሲልክ ሬሚንግተን ጠመንጃና መድፍ አስታጥቆ ነው። ዴንማርካዊው አሬንድሩፕ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ወደ መረብ ወረደ፤ ያንኑም ከፋፈለው። ኅዳር 7 ቀን የአፄ ዮሐንስ ጦር ጉንደት ላይ ደመሰሰው፣ እሱም እዚያው ሞተ።

«በጀግንነት አሸነፍን» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን። ጀግንነቱማ አለ። ግን ጉራዕን እዩ። ሁለተኛው ጦር ከ10 ሺህ በላይ ነበር፤ ከምጽዋ ስንቅና ጥይት ወደ ደጋ የሚያወጣ ግመልና በቅሎ ግን አልበቃውም። አዛዡ ራቲብ ፓሻና ኤታማዦሩ ሎሪንግ አይስማሙም። (ሎሪንግ አሜሪካዊ ነው፤ በሜክሲኮ ጦርነት ቆስሎ አንድ ክንዱ የተቆረጠ። ቀዶ ሐኪሙ ጎበዝ ሳይሆን አይቀርም!) ከምሽጋቸው ወጥተው ሜዳ ላይ ሲገጥሙ ተፈቱ። በማግስቱ የእኛ ሰዎች ምሽጉን ለመስበር ሞክረው አልቻሉም፣ ብዙ ሰው አለቀ። ጠመንጃው አንድ፣ ጀግኖቹም እነዚያው፤ የተለየው ግድግዳው ነው። ይህን ክፍል በዓል ላይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ከሥር ያለው በሽታ ደግሞ ዕዳ ነበር። እስማኤል የሚዋጋው በብድር ነው፤ በዚያው ዓመት ግብፅ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፣ በ1871 ዓ.ም. እሱም ከዙፋኑ ወረደ።

ልጄ «ታዲያ ምጽዋን መለስናት?» አለኝ። አልመለስናትም። ግብፆቹ ተሸንፈውም እዚያው ቆዩ፤ አፄ ዮሐንስ መርከብ አልነበራቸውም። በ1877 ዓ.ም. ግብፆቹ ሲለቁ ጣሊያን ገባ።