የብረት ማዕድን ይመላለስበት በነበረው መንገድ

ባለፈው ሐምሌ ለአንድ ጉባኤ ወደ ጀርመን ተጉዤ ነበር። ጉባኤው ካበቃ በኋላ የተረፈችኝን አንዲት ቀን በገበያ ከማባክናት ብዬ፣ እዚያው የሚኖር ባልንጀራዬን ብስክሌት ተውሼ ከቦኩም እስከ ኤሰን ነዳሁ። ከዶክትሬት ተማሪነቱ ዘመን ወዲህ ብስክሌት ላልነካ፣ አርባዎቹን ላጋመሰ መምህር ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ነገር ግን መንገዱ ደካማውን የሚታገሥ ሆኖ አገኘሁት፤ ሜዳ ነው፤ መኪናም፣ ከጥቂት ማቋረጫዎች በቀር፣ የለበትም።

ሜዳ የሆነበት ምክንያት አለው። መንገዱ የተሠራው ለብስክሌት ሳይሆን ለባቡር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1901 ጀምሮ በየደረጃው የተዘረጋው ይህ መሥመር በራይን-ሄርነ ቦይ ላይ ከሚገኘው ወደብ የብረት ማዕድን እየጫነ ቦኩም ወዳለው የአረብ ብረት ፋብሪካ ያመላልስ ነበር። አካባቢው አስቀድሞ በሌሎች ሐዲዶች ተጨናንቆ ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ አዲሱን መሥመር አፈር ቆልለው፣ በአንዳንድ ስፍራም እስከ 15 ሜትር ከፍ አድርገው፣ በሌሎቹ ላይ በድልድይ አሻገሩት። ዛሬ በዚያ ቁልል ላይ የሚጋልብ ሰው ጌልዘንኪርሸንን ከጣራዋ በላይ ያያታል። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መነሻዬ የነበረው ግዙፍ አዳራሽ ለ1902ቱ የዱሰልዶርፍ ዐውደ ርእይ ተሠርቶ፣ ኋላ ተነቅሎ ቦኩም ላይ የፋብሪካው የኃይል ማመንጫ የሆነ ሕንጻ ነው። በዚያው በ1902 የእኛ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አንዱ ዘመን ሁለት አገር ላይ እንዴት የተለያየ ፍሬ እንዳፈራ የሚያስበው ሰው ያስብበት። የፋብሪካው መሥራች ያኮብ ማየር አረብ ብረትን በቅርጽ የማፍሰስን ጥበብ ያዳበረ ሰው ነበር። በ1855 በፓሪስ ዐውደ ርእይ ያፈሰሳቸውን ደወሎች ባቀረበ ጊዜ ተፎካካሪው ክሩፕ “ይህ አረብ ብረት ሊሆን አይችልም” ብሎ ተከራከረ፤ አንዱ ደወል ተሰባብሮ ሲፈተን የማየር ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ።

ደወል ያፈሰሰው ፋብሪካ ግን የመድፍ ጥይትም አምርቷል። ከ1944 አጋማሽ እስከ መጋቢት 1945 ድረስ፣ የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ቅርንጫፍ የሆነ ሰፈር በዚሁ ፋብሪካ ሥር ቦኩም ላይ ነበረ። ከአውሽቪትስ የተወሰዱ፣ በርካቶቹ የሀንጋሪ አይሁድ የሆኑ እስረኞች በግዳጅ ሠርተውበታል፤ በዚያም ብዙዎች አልቀዋል። በብስክሌት ላይ ያለ ሰው ይህን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። እኔም ቀድሜ ባላነብ ኖሮ በ2003 የተሠራውን፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘውን ተንጠልጣይ ድልድይ እያደነቅሁ ባለፍኩ ነበር። የታሪክ መምህር ነኝና አላስቻለኝም፤ ከድልድዩ ማዶ ወርጄ ለጥቂት ጊዜ ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ሄድኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ውሃ ለመግዛት በቆምኩባት ኪዮስክ ሰባዎቹን ያገባደዱ አንድ ቱርካዊ አዛውንት አግኝቼ ጨዋታ ጀመርን። ጀርመን ከቱርክ ጋር በ1961 የተፈራረመችው የሠራተኛ ስምምነት ካመጣቸው መካከል ናቸው። ወደ ዞልፌራይን መሄዴን ስነግራቸው “እዚያ ከመሬት በታች ሠርቻለሁ” አሉኝ። ጉድጓዱ ሙዚየም መሆኑ ደስ ያሰኛቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። “የልጅ ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ንጹሕ ሆኗል። በእኛ ጊዜ ባለቤቴ ያጠበችውን ልብስ ውጭ አታሰጣም ነበር፤ ሳይደርቅ ይጠቁራል።” ጉድጓዱ ሲዘጋስ ምን ሆኑ? “ወደ ሌላ ጉድጓድ አዛወሩኝ። ኋላ በጊዜ ጡረታ አወጡኝ። ደመወዜ አንድ ወር አልተቋረጠም።”

ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በእኔ ግምት የሩር ምድር ዋና የፖለቲካ ታሪክ ናት። በ1957 ገደማ በጀርመን የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች ይሠሩ ነበር። በ1958 ቀውሱ ተጀመረ፤ ርካሽ ነዳጅ ዘይትና ከውጭ የሚገባ ከሰል ገበያውን ወሰዱት። የመጨረሻው ጉድጓድ፣ የቦትሮፑ ፕሮስፐር-ሀኒል፣ የተዘጋው ግን በታኅሣሥ 2018 ነው። አንድን ኢንዱስትሪ ለመቅበር ስድሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ለዚህ የፈሰሰው ድጎማ እጅግ ብዙ ነው፤ ባክኗል የሚሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም አሉ። እኔ አልስማማም። በዚያ ጊዜ ውስጥ በ1965 ቦኩም ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ የቆፋሪዎች ልጆች ገብተውበታል። ሆኖም ነገሩን ማሳመር አይገባም፦ ከመንገዱ በታች የምትታየው ጌልዘንኪርሸን ዛሬም ሥራ አጥ ከሚበዛባቸው የጀርመን ከተሞች አንዷ ናት።

ከዋናው መሥመር ተገንጥዬ፣ እርሱም የቀድሞ ባቡር መንገድ በሆነ ሌላ ጎዳና ወደ ኤሰን አቀናሁ። ዞልፌራይን ስሙን ያገኘው በ1834 ከቆመው የጀርመን የጉምሩክ ኅብረት ነው፤ ፍራንዝ ሀኒል በ1847 መሠረተው። በ1932 ሥራ የጀመረው 12ኛው ጉድጓድ በቀን 12,000 ቶን ከሰል ያወጣ ነበር። የፍሪትስ ሹፕና የማርቲን ክሬመር ንድፍ የሆነው ቀይ ማማ ከሩቅ ይታያል። በታኅሣሥ 1986 ተዘጋ። ማፍረሱ ርካሽ ነበር፤ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ግን ገዝቶ አቆየው፤ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር በ2016 ሲመረቅ የቀድሞው ሐዲድና የድሬዳዋ ወርክሾፕ ምን ይሁኑ ብለን ምን ያህል እንደተከራከርን ማማው ሥር ቆሜ ለማስታወስ ሞከርኩ። ብዙም አልመጣልኝ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ውሃው። ከሰሉ ስለወጣ መሬቱ ሰምጧል፤ በአንዳንድ ስፍራ ከ20 ሜትር በላይ። መሬቱ ሲሰምጥ የተቀበረ ቱቦ ስለሚሰበር፣ የኤምሸር ወንዝ ለመቶ ዓመት ያህል ክፍት የፍሳሽ ቦይ ሆኖ ኖረ፤ በ1992 የተጀመረው እድሳት በ2021 መጨረሻ ፍሳሹን ከወንዙ አወጣው። የሰመጠው መሬት ግን አይነሣም። ፓምፖቹ ቢቆሙ ሰፊ የሩር ክፍል ሐይቅ ይሆናል። ስለዚህ በ2007 የተቋቋመ የከሰል ፋውንዴሽን ከ2019 ጀምሮ የፓምፑን ወጪ ይከፍላል። ጀርመኖቹ ይህን ወጪ የሚጠሩበት ቃል “የዘላለም ሸክም” ማለት ነው፤ የበጀት ሰነድ ላይ “ዘላለም” የሚል ቃል ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አመሻሹ ላይ ዝናብ ጣለ። ብስክሌቱን ባቡር ላይ ጭኜ ተመለስኩ።