የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦችና የሥነ ተዋልዶ ጤና፤ የሲቪክ ማህበራት ጥረት ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ሲታይ

የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ቦረና ከሳይንት፣ ከመሐል ሳይንት፣ ከወግዲ፣ ከከላላና ከለጋምቦ ጋር ተያይዞ የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ የሚይዝ ሲሆን፣ ከባሻገሩ ካለው ጎጃም የሚለየው ጥልቁ የአባይ ሸለቆ ነው። በአካባቢው ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ ጊዜ ገደል መውረድና መልሶ መውጣት ግድ ይላል። ይህ የመልክዓ ምድር ሁኔታ ለተጓዥ ከመንገድ አስቸጋሪነት ያለፈ ትርጉም ላይኖረው ይችላል፤ ምጥ ለጠናባት እናት ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። የእናቶችን ሞት መቀነስን ዓለም አቀፍ ግብ ያደረገው የምዕተ ዓመቱ የልማት ዕቅድ ምን እንዳሳካና ምን እንደቀረው ለመረዳት እንዲህ ዓይነቱን አካባቢ ማየት ይጠቅማል።

እንደሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል የሆኑ 189 አገሮች በጳጉሜ ወር 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 2000) በኒው ዮርክ ተሰብስበው የምዕተ ዓመቱን መግለጫ ያጸደቁ ሲሆን፣ ከዚሁ በመነሳት ስምንት የልማት ግቦች ተቀርጸዋል። አራተኛው ግብ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናትን ሞት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በሁለት ሦስተኛ፣ አምስተኛው ደግሞ የእናቶችን ሞት በሦስት አራተኛ መቀነስን ይጠይቃል።

ይሁንና ከስምንቱ ግቦች መካከል ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና በስም የሚናገር አንድም አልነበረም። ጉዳዩ አስገራሚ የሚሆነው 179 አገሮች እ.ኤ.አ. በ1994 በካይሮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ሕዝብና ልማት ጉባዔ የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት እስከ 2015 ለሁሉም እንዲዳረስ ከስምምነት ደርሰው ስለነበር ነው። በጽንስ ማቋረጥና በወጣቶች የእርግዝና መከላከያ አጠቃቀም ላይ በመንግሥታት መካከል የነበረው ልዩነት ጉዳዩ ከግቦቹ ዝርዝር ውጭ እንዲቀር ምክንያት ሆኗል። የየአገሩ የሲቪክ ማህበራት ያቀረቡት ክርክር ቀላልና ግልጽ ነበር፤ አንዲት ሴት መቼና ስንት ልጅ እንደምትወልድ መወሰን ካልቻለች የእናቶችን ሞት በሐኪም ብቻ መቀነስ አይቻልም የሚል ነው። ይህ ግፊት እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው የመሪዎች ጉባዔ ተሰሚነት ያገኘ ሲሆን፣ በ2007 የሥነ ተዋልዶ ጤናን ለሁሉም ማዳረስ የአምስተኛው ግብ ሁለተኛ ንዑስ ግብ ሆኖ ተጨምሯል። መመዘኛዎቹም የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚነት፣ በአፍላ ዕድሜ የሚፈጸም ወሊድ፣ የቅድመ ወሊድ ክትትልና ያልተሟላ የቤተሰብ ምጣኔ ፍላጎት ነበሩ። የጊዜ ገደቡ ሊያልቅ ስምንት ዓመት ብቻ ሲቀረው የተጨመረ መሆኑ ግን ዋጋ አስከፍሏል።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ዕቅድ የገባችው ከዝቅተኛ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ100 ሺህ በሕይወት በሚወለዱ ሕጻናት 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ እንደነበር አመልክቷል። ካገቡ ሴቶች መካከል የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት 8 ከመቶ፣ በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕጻናት ደግሞ 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በአማራ ክልል ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ቀደም ብሎ መዳር የተለመደ ስለነበር ችግሩ ይበልጥ የከፋ ነበር።

የሲቪክ ማህበራቱ ታሪክ ከወሎ ጋር የተሳሰረ ነው። በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላትን ያሰባሰበው የክርስቲያን ተራድኦና ልማት ማህበር (ሲአርዲኤ) የተመሰረተው እ.ኤ.አ. በ1973 ወሎን የመታውን ረሃብ ለመቋቋም የሚደረገውን ርዳታ ለማስተባበር ነበር። እህል በማከፋፈል የጀመረው ይህ ስብስብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስለ ድህነት ቅነሳ ፖሊሲ የሚከራከር አካል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች የድህነት ቅነሳ መረብ (ፔን) በበኩሉ ዜጎች የሚያገኙትን የጤና፣ የትምህርትና የውኃ አገልግሎት ራሳቸው የሚመዝኑበትን አሠራር አስተዋውቋል። የገበሬው ሚስት ስለ ጤና ኬላው አገልግሎት ተጠይቃ መልሷ በሰነድ እንዲሰፍር መደረጉ ለጊዜው አዲስ ነገር ነበር።

በሥነ ተዋልዶ ጤና ረገድ ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማህበር ነው። ማህበሩ ሥራ ሲጀምር የወቅቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር፤ የአገሪቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣውም ከዚያ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ነው። ማህበሩ በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል የሚሰጠውን አገልግሎት የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት በደሴ ከፍቷል። በክልል ደረጃም በ1984 ዓ.ም. የተመሰረተው የአማራ ልማት ማህበር (አልማ) በአባላት መዋጮ በጤና ተቋማት ግንባታ ተሳትፏል።

በሕግ ማሻሻያ ረገድ የተገኘው ውጤት ከሁሉም በላይ የሚታይ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለቤተሰብ ሕጉ መሻሻል ባደረገው ቅስቀሳ፣ ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ለሴቶች 15 ዓመት ሆኖ የቆየው ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ በ1992 ዓ.ም. ወደ 18 ከፍ እንዲል ተደርጓል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648 የሚያስቀጣ አደረገ። አንቀጽ 551 ደግሞ እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የተከሰተ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የጽንሱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ የማይድን የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአዕምሮ ጉድለት አሊያም በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ጽንስ ማቋረጥ እንዳያስቀጣ ደነገገ። የኢትዮጵያ የጽንስና ማሕጸን ሐኪሞች ማህበር አባላት በየሆስፒታሉ ያዩትን ይዘው በክርክሩ ተሳትፈዋል። የሃይማኖት ተቋማት ተቃውሞ ጠንካራ ስለነበር የጸደቀው ሕግ ከሁለቱም ወገን ፍላጎት መሐል የሚውል ነው። አፈጻጸሙን በሚመለከት የተደረጉ ጥናቶች እንደሚገምቱት እ.ኤ.አ. በ2008 በአገሪቱ ከተካሄዱ የጽንስ ማቋረጦች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 27 ከመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በ2014 ይህ ቁጥር 53 ከመቶ ደርሷል። ቀሪው ግማሽ ያህል ዛሬም በስውር እየተፈጸመ የሚያመልጥ ጉዳይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሕግ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ቢጸድቅም ወደ ቦረናና ወደ ሳይንት ቀበሌዎች የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። በእናቶች ጤና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የእናቶችን ሞት መንስኤ ሲያስረዱ ሦስት መዘግየቶችን ይጠቅሳሉ፤ ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ተቋሙ ጋ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። በደጋው የመጀመሪያው መዘግየት የሚከሰተው በቤት ውስጥ ነው። ውሳኔው የባልና የአማት ነው፤ የልምድ አዋላጇ «ትንሽ እንጠብቅ» ትላለች፤ ደም ሲፈስ ደግሞ ሰዓታት እንጂ ቀናት አይጠበቁም። ሁለተኛው ገደሉ ነው። አምቡላንስ በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባትን ሴት በወሳንሳ ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ የሚያወጣት የሰፈሩ ወንድ ነው። በወሎ ቅሬ እየተባለ የሚጠራው የቀብርና የመረዳጃ ማህበር ሟችን ለመቅበር የሚያወጣውን ሰው በሕይወት ያለችውን ለማድረስ ቢያወጣ ከማንኛውም ፕሮጀክት የላቀ አቅም አለው። ሦስተኛው መዘግየት የደም፣ የኦፕሬሽን ክፍልና የሐኪም እጥረት ሲሆን፣ መካነ ሰላም ሆስፒታል ባልነበራት ጊዜ መልሱ ደሴ ብቻ ነበር።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት የሰለጠኑ ሴቶችን በመመደብ የመጀመሪያውን መዘግየት ለመቋቋም ያለመ ነበር። ማህበራቱ ለዓመታት በበጎ ፈቃደኞች ሲያካሂዱት የነበረው የቤት ለቤት ምክርና የመከላከያ ስርጭት በዚህ ፕሮግራም አማካይነት የመንግሥት ሥራ ሆኗል ማለት ይቻላል። ለሦስት ወር የሚያገለግለው መርፌ በገጠር ሴቶች ዘንድ ተመራጭ የሆነው ማንም ሳያይ ተወግቶ ወደ ቤት መመለስ ስለሚቻል እንደሆነ በስፋት ይታመናል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ ሥር የሚቀበረውን የረዥም ጊዜ መከላከያ እንዲሰጡ ተደርጓል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀበሌ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ የሚኖር በመሆኑ ቅስቀሳው ቄሱንም ሼሁንም ካላሳተፈ ተሰሚነት አያገኝም። በጤና ጣቢያዎች በተሠሩት የእናቶች ማቆያ ቤቶች ገንፎ መገንፋቱና ቡና መፈላቱ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ወላዷ «የሰው ቤት» የምትለውን ተቋም እንድትለምደው አድርጓል።

ያለዕድሜ ጋብቻ የሚያስከትለው ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በፌስቱላ ሕመም ላይ ነው። አካሏ ሳይጠና የምታምጥ ልጅ ለቀናት ስትሰቃይ ቆይታ ልጁን ታጣለች፤ ሽንቷንም መቆጣጠር ተስኗት ከሰው ተለይታ ትኖራለች። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሀምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፌስቱላ ሆስፒታል በ2005 በባሕር ዳር ቅርንጫፍ የከፈተ ሲሆን፣ በ2007 ደግሞ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ጀምሯል። ማከም ብቻውን እንደማያዋጣ የተረዳ ውሳኔ ነው።

የማህበራቱ ጉዞ ያለ እንቅፋት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚመክሩ የውጭ ድርጅቶች ርዳታውን እንዳያገኙ ሲከለክል የቤተሰብ መምሪያ ማህበር ሁኔታውን ባለመቀበሉ ድጋፉን አጥቷል። ክልከላው ከዚያ ወዲህ በየአስተዳደሩ ሲነሳና ሲመለስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እንደገና ሥራ ላይ ውሏል። በአገር ውስጥ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በጾታ እኩልነትና በሕጻናት መብት ላይ እንዳይሠሩ አግዷል። በዚህም ምክንያት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነጻ የሕግ አገልግሎቱን በእጅጉ ለመቀነስ ሲገደድ፣ ሌሎች «መብት» የሚለውን ቃል ከሰነዳቸው አውጥተው «አገልግሎት» በሚለው ተክተዋል። ጉዳዩ የቃላት ለውጥ ብቻ አልነበረም፤ ክሊኒክ መክፈት ተፈቅዶ ክሊኒኩ ለምን መድኃኒት እንደሌለው መጠየቅ ተከልክሏል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል።

የጊዜ ገደቡ ሲደርስ ኢትዮጵያ የሕጻናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን ግብ ከቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ቀድማ በ2012 አሳክታለች። የእናቶች ሞት ግን በአገራዊው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 673 በ2011 ወደ 676 ሆኖ ባለበት የቆየ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 412 ወርዷል፤ ከግቡ ግን አልደረሰም። በዚሁ ዓመት የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚ የሆኑ ያገቡ ሴቶች በአገር ደረጃ 36 ከመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 47 ከመቶ ነበሩ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2016 ከነበሩበት 26 ከመቶ በ2019 ወደ 48 ከመቶ ከፍ ብለዋል። የክልሉ የመከላከያ ተጠቃሚነት ከአገሪቱ አማካይ መብለጡ፣ በዝቅተኛ ዕድሜ ጋብቻ በሚታወቅ አካባቢ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት ዘላቂ የልማት ግቦች ከቀድሞዎቹ በተለየ የሥነ ተዋልዶ ጤናን ከመጀመሪያው አካተዋል። እስከ 2030 የእናቶችን ሞት በዓለም ደረጃ በ100 ሺህ ከ70 በታች ማውረድንና ያለዕድሜ ጋብቻን ማስቀረትን ይጠይቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ ባወጡት ግምት መሠረት የኢትዮጵያ ቁጥር በ2020 267 ነበር።

መካነ ሰላም ዛሬ ሆስፒታልና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያላት ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ከባዱ ሕመም አሁንም ወደ ደሴ የሚላክ ሲሆን፣ የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችበት ወቅት ተዘርፎ አገልግሎቱ ተስተጓጉሎ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር የአምቡላንስና የመድኃኒት እንቅስቃሴን አዳጋች አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት መዘጋት ደግሞ ለዓመታት በውጭ ድጋፍ ይገዛ የነበረውን የእርግዝና መከላከያ ወጪ ወደ መንግሥት በጀት እያዞረው ነው። በመሆኑም ማህበራቱ በአሁኑ ወቅት የሚያቀርቡት ጥያቄ ከኒው ዮርክ ጉባዔ ይልቅ ወደ ወረዳ ምክር ቤት የሚያመራ ሆኗል፤ ለመርፌው፣ ለአምቡላንሱ ነዳጅና ለአዋላጅ ነርሷ ደመወዝ በወረዳው በጀት ስንት ብር እንደተያዘ የሚጠይቅ ነው።