የቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሆታ

የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች ክረምትና የእግር ኳስ ተመልካቹ አጭር ታሪክ

የአንድ ከተማ ሕዝብ ከሥራ ወጥቶ የሚሰበሰብበት ሜዳ የከተማውን ታሪክ ከሸንጎውና ከገበያው ባላነሰ ይናገራል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየስታዲየሙ የሚሰማው የደጋፊዎች ሆታ ኳስ ባለበት ሁሉ በራሱ የሚፈልቅ ይመስላል። ሆኖም ሆታው የተወለደበት ቦታና ዘመን፣ የተገዛበትም ዋጋ አለው። ቦታው የብሪታንያ የኢንዱስትሪ ከተሞች፣ ዘመኑ 19ኛው ምዕተ ዓመት፣ ወቅቱ ክረምት፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ዋጋውም ከፋብሪካው መዘውር ላይ የተነጠቁ ጥቂት ሰዓቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የነዚያን ሰዓቶች ታሪክ በአጭሩ ይዳስሳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የጨለማው ወቅትና የግማሽ ቀን ዕረፍት

በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ይታሰባል። በሰሜን እንግሊዝ ክረምት ከሁሉ በፊት የጨለማ ወቅት ነው። በዲሴምበር ወር ማንቸስተር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በዚህች አጭር ብርሃን ላይ የየፋብሪካው የድንጋይ ከሰል ጢስ ተጨምሮበት ከጉሙ ጋር ሲዋሐድ ከተማው ቀትር ላይ እንኳ ያመሸ ይመስል ነበር። ወዛደሩ በጨለማ ገብቶ በጨለማ ይወጣ ስለነበር፣ የሥራው ሳምንት የቀን ብርሃን ለእርሱ በፋብሪካው መስኮት ተሻግሮ የሚታይ ነገር ብቻ ነበር። እሑድ ደግሞ ሕግም ልማድም ጨዋታን የሚነፍጉበት የጸሎት ቀን ነበር።

ቀደም ባለው ዘመን የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ሰኞን በራሳቸው ፈቃድ ሥራ ፈትተው ይውሉ ነበር፤ ልማዱንም በቀልድ «ቅዱስ ሰኞ» ይሉት ነበር። የእንፋሎት ሞተር ይህን ልማድ አልታገሠም። መዘውሩ ሲዞር ሁሉም በቦታው መገኘት ነበረበት። በመሆኑም የሠራተኛው ጥያቄ የሥራ ሰዓት በሕግ እንዲወሰን ወደሚል ትግል አደገ። ከብዙ ዓመታት ውትወታና ሰላማዊ ሰልፍ በኋላ በ1847 የሴቶችና የወጣቶች የሥራ ቀን በ10 ሰዓት ተወሰነ። በ1850 የወጣው ሕግ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ደነገገ። ሕጉ ጎልማሳ ወንዶችን በስም አላነሣም። ይሁንና ሴቶቹና ወጣቶቹ ከሌሉ ሥራው አይቀጥልምና መዘውሩ ለሁሉም ቆመ። ወንዱ ወዛደር የቅዳሜን ከቀትር በኋላ ያገኘው ለሴቶች በወጣ ሕግ በኩል መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳልና።

ከምሩቃን ወደ ወዛደሮች

እግር ኳስ የክረምት ጨዋታ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የሞቃቱን ወራት ክሪኬት ይዞታል። በ1857 የሼፊልድን እግር ኳስ ክለብ የመሠረቱት ክሪኬት ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ ዓላማቸውም በብርዱ ወራት ሰውነታቸው እንዳይተሳሰር ነበር። ይኸው ክለብ ከጎረቤቱ ከሃላም ጋር ዲሴምበር 26 ቀን 1860 ያደረገው ግጥሚያ በሁለት ክለቦች መካከል ከተደረጉት የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል።

በ1863 ለንደን ላይ የተቋቋመው የእግር ኳስ ማኅበር በአብዛኛው የሀብታም ልጆች የሚማሩባቸው የታላላቅ ትምህርት ቤቶች ምሩቃን የተሰባሰቡበት ነበር። ለነርሱ ጨዋታው የጨዋ ሰው መዝናኛ እንጂ የእንጀራ ጉዳይ አልነበረም። ነገር ግን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነጻ የሆነው የሰሜኑ ሕዝብ ጨዋታውን ተቀብሎ የራሱ አደረገው። ማርች 31 ቀን 1883 ብላክበርን ኦሊምፒክ የተባለው፣ ሸማኔዎች፣ ፈታዮችና ብረት ሠራተኞች የተሰለፉበት ቡድን የኢተን ትምህርት ቤት ምሩቃንን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፎ የማኅበሩን ዋንጫ ወደ ላንካሺር ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የምሩቃን ቡድን ለዋንጫው ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። በ1885 ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል ተፈቀደ። በ1888 የተመሠረተው ሊግ 12 ክለቦች ሲኖሩት፣ ሁሉም ከላንካሺርና ከመካከለኛው እንግሊዝ የመጡ ነበሩ፤ ከለንደን አንድም አልነበረም።

የብዙዎቹ ታዋቂ ክለቦች የትውልድ ሐረግም የሚመዘዘው ከሥራ ቦታ ነው። ኋላ ማንቸስተር ዩናይትድ የተባለውን ክለብ በ1878 የመሠረቱት የባቡር ሠራተኞች ናቸው። አርሰናል በ1886 ከዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተወለደ፤ የዌስት ሃም መነሻ ደግሞ በ1895 በቴምዝ ወንዝ ዳር የመርከብ ሠሪዎች ቡድን ነበር።

ሆታው እንደ ሕዝብ ኪነት

ቅዳሜ የፋብሪካው ፉጨት እንደ ተሰማ ሕዝቡ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ በእግርና በትራም ወደ ሜዳው ይጎርፍ ነበር። ከ1890 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የሊጉ ዝቅተኛ መግቢያ ዋጋ 6 ፔንስ ነበር። የሚቆሙበት ዳገት ከፋብሪካ አመድና ከከሰል ቅሪት የተከመረ ሲሆን፣ ጣሪያ ያለው በጥቂት ቦታ ብቻ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሲቆም ብርዱ ይቀንስ ነበር። የስታዲየም መብራት በሊግ ግጥሚያ የተፈቀደው በ1956 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በአጫጭሮቹ ቀናት ጨዋታው ቀደም ብሎ ይጀመር ነበር። ቢሆንም የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብዙውን ጊዜ በድንግዝግዝ ያልቁ ነበር። ማዶ ያለው ግብ በጉም ሲሸፈን በዚያ በኩል የቆመው ሕዝብ ሲያስገመግም፣ በዚህ በኩል ያለው ያላየውን ግብ በጆሮው ያውቅ ነበር።

ይህ ሆታ ደራሲም መሪም አልነበረውም። ከጸሎት ቤት የመጣ ዜማ፣ ከሙዚቃ አዳራሽ የተወሰደ ዘፈን፣ እየተሽከረከረ የሚንቋቋ የእንጨት መሣሪያ፣ በሰፈር ቋንቋ የተፈጠረ ቀልድ በአንድነት ተቀላቅለው ሕዝቡ ራሱ ያቀናበረው ኪነት ሆኑ። የሐዘን ትዝታም ነበረበት። በጃንዋሪ 1900 የእንግሊዝ ጦር በደቡብ አፍሪካ ስፒዮን ኮፕ በተባለ ኮረብታ ላይ ከቦዌሮች ጋር ሲዋጋ ብዙ የላንካሺር ወታደሮች አለቁ። በ1906 ሊቨርፑል ከግቡ በስተኋላ ለቋሚ ተመልካች ያሠራው ከፍተኛ ዳገት በዚያ ኮረብታ ስም ተጠራ። «ኮፕ» የሚለው ዝነኛ ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ጨዋታው ካለቀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአረንጓዴ ወይም በሮዝ ወረቀት የታተሙ የስፖርት ጋዜጦች በየመንገዱ ይሸጡ ነበር። ጃንዋሪ 22 ቀን 1927 አርሰናል ከሼፊልድ ዩናይትድ ያደረጉት ግጥሚያ በቀጥታ በሬዲዮ ሲተላለፍ፣ ሆታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሜዳው ግንብ አልፎ ምድጃ ዳር ወደ ተቀመጠው ሰው ደረሰ።

ከሜዳው የተባረሩት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶች የጥይት ፋብሪካዎችን ሥራ ተረከቡ፤ ኳሱንም አነሡ። በፕሬስተን ከተማ የሚገኘው የዲክ ከር ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን በ1917 የገና ዕለት ለቁስለኞች መርጃ ባደረገው ግጥሚያ 10,000 ያህል ተመልካች ተገኘለት። ዲሴምበር 26 ቀን 1920 ደግሞ በሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ 53,000 ያህል ሰው ገብቶ ሲመለከታቸው፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቦታ አጥቶ ከበር ተመለሰ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1921፣ የእግር ኳስ ማኅበሩ ጨዋታው ለሴቶች የማይስማማ ነው በማለት ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው አገደ። እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። ለሴቶች በወጣ ሕግ የተከፈተው ቅዳሜ በዚህ አኳኋን ለሴቶች ተዘጋ።

የተመልካቹ ዋጋ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመልካቹ ብዛት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በ1948/49 የውድድር ዘመን ወደ ሊግ ሜዳዎች የገባው ሰው ከ41 ሚሊዮን በላይ ነበር። ገንዘቡ ግን ለቆመው ሰው ደኅንነት እምብዛም አልዋለም። በ1902 ግላስጎው አይብሮክስ ላይ የእንጨት መቆሚያ ተደርምሶ 25 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጨዋታው ከጥቂት ማቋረጥ በኋላ ቀጥሎ ነበር። ማርች 9 ቀን 1946 በቦልተን 33 ሰዎች በመጨናነቅ አለቁ፤ እዚያም አስከሬኑ በመስመሩ ዳር እንደ ተጋደመ ጨዋታው እንዲቀጥል ተደረገ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1971 በዚያው በአይብሮክስ፣ ሕዝቡ በክረምት ምሽት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ 66 ሰዎች በአንድ ደረጃ ላይ ተረጋግጠው ሞቱ። ያ ደረጃ ከ10 ዓመት በፊትም ሰው ገድሎ ነበር። በ1989 በሼፊልድ ሂልስቦሮ በደረሰው መጨናነቅ የተጎዱት ሊቨርፑል ደጋፊዎች የሟች ቁጥር በመጨረሻ 97 ደረሰ። ጥፋቱ ለብዙ ዓመታት በሟቾቹ ላይ ሲላከክ ቆይቶ፣ በ2016 የምርመራው ዳኞች ተመልካቹ በደል እንደሌለበትና ሞቱ ሕገ ወጥ ግድያ መሆኑን ወሰኑ። ለዚህ ውሳኔ ቤተሰቦቹ 27 ዓመት ታግለዋል።

ከሂልስቦሮ በኋላ በታላላቆቹ ክለቦች ሜዳዎች ሁሉም ተመልካች እንዲቀመጥ ተደረገ። ደኅንነቱ በእርግጥ ተሻሻለ። ነገር ግን በ1992 ፕሪሚየር ሊግ ከተመሠረተ በኋላ የቴሌቪዥን ገንዘብ እየጎረፈ፣ የመግቢያ ዋጋም እየናረ ሄደ። አያቱ በ6 ፔንስ ይገቡበት የነበረውን ሜዳ ብዙ ሠራተኛ ዛሬ የሚያየው በመስኮተ ጥበቡ ነው።

ጨዋታውን ከተመልካቹ ነጥሎ ለመሸጥ የተደረገው ሙከራም የራሱ ታሪክ አለው። ከ1962 ወደ 1963 በተሸጋገረው ብርቱ ክረምት ሜዳዎች ሁሉ በበረዶ ደንድነው፣ ጃንዋሪ 5 የተጀመረው የማኅበሩ ዋንጫ 3ኛ ዙር የተፈጸመው ማርች 11 ነበር። በውጤት ግምት ውርርድ የሚነግዱት ኩባንያዎች ግን ገቢያቸው እንዲቋረጥ አልፈለጉም። ስለዚህ ጥቂት ባለሙያዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ያልተካሄዱትን ጨዋታዎች ውጤት በግምት እንዲወስኑ ተደረገ። ኳስ ሳይመታ፣ አንድም ሰው ሳይጮኽ፣ ያሸነፈና የተሸነፈ ተገኘ።

ከ1962 ክረምት 58 ዓመት በኋላ፣ በ2020/21 ክረምት፣ የኮሮና ወረርሽኝ ስታዲየሞቹን በአብዛኛው ባዶ ባደረጋቸው ጊዜ ጨዋታው ለቴሌቪዥን ሲባል ቀጠለ። የተጫዋቾቹ ንግግርና የኳሱ ምት ብቻ ሲሰማ ለተመልካች ጆሮ ስለከበደ፣ ጣቢያዎቹ የተቀዳ ሆታ ከሥዕሉ ጋር አጅበው አስተላለፉ። ግብ ሲገባ አንድ ባለሙያ ድምፁን ከፍ፣ ኳሱ ሲስት ዝቅ ያደርገው ነበር። ያ የተቀዳ ድምፅ ግን በማሽን የተፈጠረ አልነበረም፤ ቀደም ባሉት ዓመታት በብርድ በዚያው ሜዳ ተሰብስበው ከጮኹ ሰዎች ጉሮሮ የተወሰደ ነበር።